መኪናው ድንገት ሲጨልም፦ ባትሪ ከመግዛታችን በፊት
በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በተሽከርካሪ ቡድን የቀረበ ንግግር



የዛሬው ንግግራችን ስለ ቁጠባም ስለ ብድርም አይደለም፤ ስለ መኪና ነው። መጨረሻው ግን ቁጠባ ላይ መድረሱ አይቀርም። በዚህ ክረምት ብቻ የሦስት አባሎቻችን መኪና ኤሌክትሪኩ ድንገት ጠፍቶ ቆሟል። አንደኛዋ እህታችን እንጀራ ጭና ለደንበኞቿ ስታደርስ ዳገት ላይ ጨለመባት። ሁለተኛዋ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ቁልፉን ስታዞር እምቢ አላት። ሦስተኛዋ ደግሞ ምጥ የያዛትን ጎረቤቷን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ ሆስፒታል ስትወስድ መንገድ ላይ ቀረች። ለሦስቱም የተነገራቸው አንድ ነገር ነው፦ «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሪው።» የመጀመሪያዋ ቀየረች። አዲሱ ባትሪ በገባ በአምስተኛው ቀን መኪናው እዚያው ዳገት ላይ እንደገና ቆመ።

የባትሪ ዋጋ ስንት እንደደረሰ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ከመካከላችን ለብዙዎቻችን የወራት ቁጠባ ነው። ደግሞም አሮጌ መኪናችንን ጥለን አዲስ የምንገዛበት ጊዜ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እጃችን ላይ ያለው ዲኤክስ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር መኖሩ ነው። አብረን የምንኖር ከሆነ ጠባዩን ማወቅ አለብን።

ከሁሉ በፊት አንድ ቃል እንያዝ፦ «ድንገት» የሚለውን። ባትሪ ሲያረጅ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አይሞትም። እንደ ሽማግሌ ነው፤ ቀስ እያለ ይደክማል። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እየከበደው ይነሳል፣ ብርድ ሲሆን ይብስበታል፣ አንድ ቀን መግፋት ይጠይቃል፣ በሳምንቱ እንደገና ይጠይቃል። ከደቂቃ በፊት ክላክሱም መብራቱም ደህና የነበረ መኪና በአንዴ ድርግም ካለ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የተቋረጠ መንገድ ነው። የላላ ማያያዣ፣ የተበላ ገመድ፣ የቀለጠ ዋና ፊውዝ ወይም ያለቀ የቁልፍ ማብሪያ ሊሆን ይችላል። እነዚህ አብዛኞቹ ከባትሪ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት ናቸው።

የመኪና ኤሌክትሪክ እንደ ዕቁብ ገንዘብ ነው ብንላችሁ ይገባችኋል። ወጥቶ ካልተመለሰ ዕቁቡ ይፈርሳል። ከባትሪው ፖዘቲቭ ይወጣል፣ በፊውዝና በቁልፍ በኩል አልፎ መብራቱ ወይም ሞተሪኖው ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ በራሱ በመኪናው ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል። መመለሻውን ጋራዥ ውስጥ «ማሳ» ይሉታል። ብዙ ሰው መሄጃውን ሲፈትሽ ይውልና መመለሻውን ይረሳል። ዳገት ላይ የቆመው የእህታችን መኪና ችግሩ እዚህ ነበር። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወጥቶ ቦዲው ላይ የሚታሰረው ገመድ ብሎኑ ሥር ዝጎ ላልቶ ነበር። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ይለቃል፣ ሲረጋጋ ይነካካል። ባትሪው ሲቀየር ገመዱ ስለተነካካ ለአምስት ቀን ሠራ። ብሎኑን ፈታን፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፣ መልሰን አጠበቅን። ይኸው እስከ ዛሬ እንጀራውን ያመላልሳል። የድሮው ባትሪ ደህና ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚያሳዝነው ግን ሻጩ በርካሽ ተቀብሏት ስለነበር ሊመለስላት አልቻለም።

ወደ ፍተሻው ከመግባታችን በፊት ስለ ነፍስ እንነጋገር። መኪና እየሄደ ሁሉም ነገር ቢጨልም ሞተሩም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በቤንዚን የሚሠራው ካንዴላው እሳት ስለሚያጣ ይጠፋል። ብዙ የድሮ ናፍጣ መኪኖችም ነዳጅ የሚከፍተው ቫልቭ በኤሌክትሪክ ተይዞ የሚቆይ ስለሆነ ይጠፋሉ። ያን ጊዜ ፍሬኑ አልሞተም። የፍሬን ማገዣው ላንድ ወይም ለሁለት ጊዜ የሚበቃ አቅም ይዞ ይቀራል። ስለዚህ እየደጋገሙ መርገጥ ሳይሆን አንዴ ጠበቅ አድርጎ መርገጥና ሳይለቁ መያዝ ነው። መሪው ይከብዳል እንጂ ይዞራል። ቁልፉን ግን መኪናው ሳይቆም ወደ መጨረሻው አትመልሱት፤ መሪው ይቆለፋል። ከቆማችሁ በኋላ ሌላው አደጋ ከኋላ የሚመጣው ነው። ኤሌክትሪክ ስለሌለ የፍሬቻው ማስጠንቀቂያ አይበራም፤ በማታ ጨለማ ውስጥ የቆመ ጥቁር ብረት ናችሁ ማለት ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂውን ከመኪናው ራቅ አድርጋችሁ ትከላላችሁ፣ ተሳፋሪ ካለ ከመንገዱ ዳር ታወጣላችሁ። አንጸባራቂ ከሌለ ቅጠልና ድንጋይ እንደምናደርገው ነው። ስትነሱ ግን ድንጋዩን አንሱ፤ ለሌላው ሞት ጥሎ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። መሣሪያ ከማንሳታችን በፊት ጥያቄ አለን፦ መኪናው ከመጥፋቱ በፊት ምን ምልክት አሳየ? ይህን የምታውቀው ጋራዥ ያለው ሰው ሳይሆን መሪውን የያዘችው ናት። እብጠት ላይ ስትወጪ ነው የጠፋው? የፊት መብራቱን ስታበሪ ነው? ቁልፉን ስትነኪው ነው? የተቃጠለ ጎማ ሸተተሽ? መብራቱ አስቀድሞ ፈዝዞ ነበር? የእነዚህ መልስ ግማሽ ምርመራ ነው ብንል አላጋነንም።

ሦስተኛዋን እህታችንን፣ በምሽት የቆመችውን፣ ይህንኑ ጠየቅናት። «ድንገት ነው» አለችን። ቆየት ብላ ግን ቀይዋ የባትሪ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ብልጭ ትል እንደነበር፣ በዚያ ምሽትም የፊት መብራቱ ቢጫ እየሆነ መጥቶ እንደነበር አስታወሰች። ይህ የተቋረጠ መንገድ አይደለም፤ ዲናሞው ባትሪውን መቀለብ አቁሟል ማለት ነው። መኪናው ባትሪው ላይ ያለውን እየበላ ቆይቶ ሲያልቅ ቆመ። 45 አምፒር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ በማታ መብራትና የዝናብ መጥረጊያ ተከፍቶ 15 አምፒር ቢወሰድበት በስሌት 3 ሰዓት ነው፤ ላረጀ ባትሪ ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ያቺ ቀይ ምልክት መንገድ ላይ ከበራች ራዲዮውንና ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ ሞተሩን ግን ሳያጠፉ፣ ወደሚቀርበው ብርሃን ያለበት ቦታ መሄድ ነው። ካጠፋችሁት ላይነሳ ይችላል። የሙቀት መለኪያው አብሮ ከወጣ ግን ወዲያው ቁሙ፤ የተበጠሰው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም የሚያዞር ሊሆን ይችላልና ሞተሩ ይቃጠላል። እህታችንና ጎረቤቷ በላዳ ታክሲ ደርሰዋል፤ ልጁም እናቱም ደህና ናቸው። የመኪናው ጥፋት የዲናሞው ካርቦን ማለቁ ነበር።

ስለዚያች ቀይ ምልክት አንድ ነገር እንጨምር። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲከፈት መብራት አለባት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባት። ቁልፉ ሲከፈትም ካልበራች «ጎሽ፣ ችግር የለም» አትበሉ። አምፖሏ ተቃጥላ ይሆናል። በብዙ የድሮ መኪኖች ደግሞ ዲናሞው ለመጀመር የሚያስፈልገውን ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚያች አምፖል በኩል ስለሆነ የአምፖሏ መቃጠል ዲናሞውንም ሊያስተኛው ይችላል።

ሁለተኛዋ እህታችን ነገሯ ሌላ ነው። የውስጥ መብራቱ ይበራል፣ ቁልፉን ስታዞር «ጠቅ» ይልና ሁሉም ይጨልማል፣ ስትመልሰው መብራቱ ተመልሶ ይመጣል። «መብራት ካለ ባትሪ አለ፤ ባትሪ ካለ ለምን አይነሳም?» ብላ ጠየቀችን። ጥያቄዋ በጣም ጥሩ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። የውስጥ አምፖሏ የምትጠጣው ከአንድ አምፒር በታች ነው። ሞተሪኖው ግን ሞተሩን ሲያዞር 150 አምፒርና ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። የባትሪው ተርሚናል ላይ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ተጋግሮ መንገዱን ቢያጠብበውና የአንድ ኦም ሃያኛ የምታህል እንቅፋት ቢፈጥር፣ አምፖሏ ምንም አይሰማትም። 150 አምፒር በዚያው ለማለፍ ሲሞክር ግን 7 ቮልት ተኩል እዚያ ማያያዣ ላይ ይቀራል። ለሞተሪኖው የሚተርፈው ምኑም አይደለም። ለአንድ ሰው የሚበቃ የግቢ በር ለሠርግ እንደማይሆን ማለት ነው። ከሙከራው በኋላ ተርሚናሉን በእጅ ጀርባ ስትነኩት ከሞቀ እዚያው ተገኘ።

ይህን ሁላችንም ልንሠራው ስለምንችል ቀስ ብለን እንናገር። መጀመሪያ ቀለበትና አምባር ይውለቅ፤ የወርቅ ቀለበት በፖዘቲቭና በብረቱ መካከል ቢገባ ጣትን እስከ አጥንት ያቃጥላል። ሻሽና ነጠላ ወደ ኋላ ይታሰር። ሻማ፣ ክብሪት፣ ሲጋራ ከባትሪ አጠገብ የለም፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን ይፈነዳል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ ኔጋቲቩን መጀመሪያ ትፈታላችሁ፣ ከዚያ ፖዘቲቩን። ስትመልሱ በተቃራኒው፣ ኔጋቲቩ መጨረሻ። ምክንያቱም ኔጋቲቩ ከወጣ በኋላ ቁልፉ በስሕተት ቦዲውን ቢነካ ምንም አይፈጠርም። ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ ሻጋታው ላይ ታፈሳላችሁ፤ ይፈላል፣ አትደንግጡ። ወደ ባትሪው ውስጥ ግን ጠብታ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይዘጉ። ደርቆ ሲያልቅ የባትሪውን ራስና የተርሚናሉን ውስጥ እርሳሱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጋላችሁ። አጥብቃችሁ ካሰራችሁ በኋላ ከላይ ቫዝሊን ቀቡት። ከዚያ በእጃችሁ ለማዞር ሞክሩ፤ ከዞረ አልጠበቀም። ሚስማር ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ሸጉጦ ማጥበቅ የተለመደ ነው፤ እኛ ግን አንወደውም፤ ለሳምንት ይሠራና በማይመች ቦታ ይለቃል። ሰፍቶ ከሆነ ተርሚናሉን መቀየር ርካሽ ነው፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሞልቷል።

ተርሚናሉ ንጹሕ ሆኖ፣ ማሳው ጠብቆ፣ አሁንም ሁሉም ነገር ድርግም ያለ ከሆነስ? ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ የሚሄደውን ተከተሉ። በድሮ ቶዮታዎች እዚያ ላይ ሆን ተብሎ ቀጠን የተደረገ ገመድ አለ፤ ከአቅም በላይ ከመጣበት ቀልጦ መኪናውን ከእሳት ያድናል። ተንኮሉ ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ መቅለጡ ነው። ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ ሽቦ የለም። እሱን በተራ ሽቦ መቀጠል አይፈቀድም። ፊውዝ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባትም እንደዚያው። ፊውዙ የተቃጠለው በምክንያት ነው፤ ያንን ምክንያት ሳያገኙ መንገዱን ማስፋት መኪናውን ለቃጠሎ ማዘጋጀት ነው።

ቁልፉን ስትነቀንቁት ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከቁልፉ ጀርባ ያለው ማብሪያ አልቋል። የቤት፣ የሱቅና የቁም ሳጥን ቁልፍ ሁሉ በአንድ ቀለበት አንጠልጥሎ መንዳት ያንን ማብሪያ ይበላዋል። የመኪናው ቁልፍ ለብቻው ይሁን።

አሁን ስለ መለኪያ። ደጋፊዎቻችን ባለፈው ዓመት ካበረከታችሁልን ዕቃዎች መካከል ሁለት ቴስተሮች አሉ፤ በጣም ጠቅመውናል። ሞተሩ ካደረ በኋላ የተለካ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ግድም ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ባዶ ነው በሉት። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። እዚያው 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው አይሠራም፤ 15ን ካለፈ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ቴስተር ግን ያታልላል። በአንዲት ክር ሽቦ ብቻ የተያዘ ገመድ ላይ ብትለኩ 12 ቮልት ብሎ ያሳያችኋል፤ ምክንያቱም ቴስተሩ ራሱ ምንም ያህል ኤሌክትሪክ አይጠጣም። ስለዚህ ሁለት ሽቦ የተበየደላት የአሮጌ ፍሬቻ አምፖል ከቦርሳችን አትለይም። አምፖሏ ለመብራት ኤሌክትሪኩ በእርግጥ መምጣት አለበት። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በመንገዱ ላይ ከቦታ ቦታ እየነኩ መሄድ ነው፦ ፖዘቲቩ ራስ ላይ ትበራለች፣ ተርሚናሉ ላይ ትበራለች፣ ፊውዝ ሳጥኑ መግቢያ ላይ ጠፋች። እንግዲህ የተቋረጠው በሁለቱ መካከል ነው። የመልሱን መንገድ ለመፈተሽ ደግሞ አንዱን ጫፍ ፖዘቲቭ ላይ አድርጎ ሌላውን ቦዲውና ሞተሩ ብረት ላይ መንካት ነው።

አንድ ልማድ አጥብቀን እንቃወማለን። ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ተርሚናል መንቀል። በብዙ ጋራዥ ይደረጋል፤ «አልጠፋም፣ እንግዲህ ዲናሞው ደህና ነው» ይባላል። በዚያች ቅጽበት ዲናሞው የሚተፋው ኤሌክትሪክ ማረፊያ ስለሚያጣ ይዘላል፤ የራሱን ዳዮድ፣ መቆጣጠሪያውንና ራዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል። ደህና የነበረ ዲናሞ በምርመራ ይሞታል ማለት ነው። በመኪናችሁ ላይ ሊያደርገው የሚነሳ ሰው ካለ «ቴስተር የለህም ወይ ወንድሜ?» በሉት።

ባትሪው ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። 12 ቮልት የሚያሳይ ባትሪ የፊት መብራት ሲበራ ወደ ባዶ ከወረደ ውስጡ ያሉት ስድስት ክፍሎች የሚገናኙበት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በእርግጥ በድንገት የሚመጣ ነው። ሙሉ ሌሊት ቻርጅ ተደርጎ፣ ተርሚናሉ ንጹሕ ሆኖ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪም ጊዜው አልፏል። እንዲህ ከሆነ ግዙ። ለክታችሁ ከሆነ አይቆጫችሁም።

ጋራዥ ስትሄዱም ዝም ብላችሁ «መኪናው ጠፋ» አትበሉ። ሴት ስትመጣ ዋጋው ከፍ፣ ማብራሪያው አጠር የሚልበትን ቦታ ሁላችንም እናውቃለን። የጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬን፣ ካቻቢቴ። ሠራተኞቹም ቢሆኑ ከእናታቸው ማሕፀን ይዘውት አልወጡም፤ ሲሠሩ ለምደውት ነው። «ተርሚናሉን አጽድቻለሁ፣ ማሳው ጠብቋል፣ ሞተሩ ሲሠራ 12.3 ነው የሚያሳየው፣ ዲናሞውን እይልኝ» ብላ የገባች ሴት ጋር የሚደረገው ንግግር ሌላ ነው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እጃችሁ ላይ ሳትቀበሉ አትክፈሉ። በቅንነት የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች አሉ፤ እነሱ ይህን ብትጠይቁ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም።

ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በማኅበሩ ግቢ እንገናኛለን። መኪና ያላችሁ መኪናችሁን፣ የሌላችሁም እጃችሁን ይዛችሁ ኑ። ኮፈን ከፍተን የእያንዳንዱን ባትሪ ቮልት ለክተን መዝገብ ላይ እንጽፋለን። ከሦስት ወር በኋላ ደግመን ስንለካ የማን ባትሪ እየደከመ እንደሆነ ሳይቆም በፊት እናውቃለን። ቤኪንግ ሶዳና ቫዝሊን ከማኅበሩ አለ። የብርጭቆ ወረቀት ግን አልቆብናል፤ በየመንገዳችሁ አንዳንድ ይዛችሁ ብትመጡ መልካም ነው።